መብራት ያዥ

መጀመሪያ ራዲዮኑ ዝም አለ፤
ቀጥሎ ማሞቂያው።
ከዮርክተን ወዲህ፣ በዚያ ባዶ ጎዳና
የሳበርባኑ መብራት ገረጣ፣
እናቴ መሪዋን በሁለት እጇ አንቃ
ግቢ ገባች፣ ሞተሩን አጠፋች፣
በቃ።

አባቴ ኮፋኖውን ከፍቶ አንገቱን አዘነበለ፣
«ዲናሞው ነው» አለ።
«ዲናሞ ሲሞት መኪና ወዲያው አይቆምም፤
ባትሪው ካጠራቀመው እየበላ ይሄዳል፣
ማለቁንም ሲያልቅ ነው የሚያውቀው።»
እናቴ ቀና ብላ አየችው።
ከፖታሹ ጉድጓድ ከተቀነሰ
ሦስተኛ ወሩ ነው።

ጋራዡ ለመጎተቻ ብቻ ሁለት መቶ ጠየቀ፤
አባቴ ስልኩን ዘጋ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣
ከአሮጌ ብረት ነጋዴው ከአርማን ግቢ
የተገለበጠ መኪና ዲናሞ ይዞ መጣ፦
«ዘጠና ዶላር።
የሞተውን ከመለስን ግን ሃያው ይመለሳል።»
ለሞተም ዋጋ አለው ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
ብርዱ ብረቱን ነከሰ፣ ብረቱ የአባቴን ጣት።
እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሥራዬ መብራት መያዝ፤
እንደሱ ያለ የሚያስወቅስ ሥራ አላየሁም፦
«ወደ እጄ!»
(እጁ ግን ክንዱ ድረስ ሞተሩ ውስጥ ጠፍቷል)
«ዳርካ፣ ወደ ፊቴ አይደለም!»

ኔጌቲቩን ነው አስቀድሞ የፈታው፤
«አንዴ ረስቼ ነበር» ብሎ
አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ጠባሳው ነጭ።
የቺንጋውን መንገድ ካርቶን ላይ ሣልኩ፦
በዚህ ሥር፣ በዚያ ላይ፣ ዞሮ ተመልሶ፤
በቅድመ አያቴ ደብዳቤ ላይ ያለ
የማላነበውን ፊደል መሰለኝ።

ሁለቱ ብሎኖች እሺ አሉ።
ሦስተኛው ዝጎ አሻፈረኝ አለ፤
አባቴ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለ፣
በአያቶቹ ቋንቋ ተሳደበ፤
ከዚያ ቋንቋ የቀረው ስድቡ ብቻ ነው።
ቋ!
ብሎኑ ለቀቀ፣ እጁ ራዲያተሩን መታ፣
ደሙና ግራሶው አንድ ቀለም ሆኑ።

አሮጌውን አወጣና በጣቱ አዞረው።
ኩሽኔታው ተንኳኳ፣ ተንጎራጎረ፣
አሸዋ እንዳኘከ ሰው ጥርስ።
«አሥራ ስድስት ዓመት ዞረልን» አለ፣
በጨርቅ ጠረገው።
ለሃያው ዶላር ብሎ ነው እንዳልል
ማንም የማያየውን ጀርባውንም ጠረገው።

አዲሱ (አዲስ ካሉት) ቦታውን ያዘ።
አባቴ መወጠሪያውን በሙሉ ክብደቱ ተጫነ፦
«አሁን! አልብሺው!»
ሦስተኛ እጅ የለኝ፤
መብራቱን በጥርሴ ነከስኩ፣
ቺንጋውን ጎትቼ
በመጨረሻው ፑሌጃ ላይ አሳለፍኩት።
ወደ እጄ ይብራ፣ ወደ ፊቴ
ማንም አልተናገረኝም።

እናቴ የሌሊት ፈረቃ ልብሷን ለብሳ ወጣች፤
ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ሲያደርግ የዋለውን ባትሪ
እንደ ሕፃን ታቅፋ።
ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ሳል ሳል አለው፣ ከዚያ ተነሣ።
አባቴ ቴስተሩን አጠጋ፣
«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» ብሎ አነበበላት፣
ቀስ ብሎ፣
ሌላ ነገር እንደሚነግራት ሰው።
«ሃያውን ዶላር እንዳትረሳ» አለች፣
በመስኮቱ በኩል የቆሰለውን እጁን ይዛ፣
ሳትለቀው ትንሽ ቆየች።

ቀይ መብራቶቿ ከመንገዱ እስኪጠፉ ቆመን
ወደ ጋራዡ ስንመለስ፣
ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሮንዴላ ተርፋለች።
አባቴ አያት። እኔም አየኋት።
ኪሱ ከተታት፣
መብራቱን አጠፋሁ።