አምስት ሣጥን

የጅማ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ያወራል፤
ከጠዋት የያዘው ማታም ይቀጥላል።
ከውሃ አገልግሎት፣ ከምድር ቤቱ ጓዳ፣
መስኮት ከማያውቀው ከወዛሙ ግድግዳ፣
አንድ ሰርቨር አለ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣
የከተማው ቧንቧ ሁሉ የሱ ዕዳተኛ።

ስምንት ዓመት ኖርን እኔና እሱ ብቻ
በነጫጭ ፊደላት፣ በጥቁር ስልቻ።
እጽፋለሁ፣ ይመልሳል፤ ካልገባው ይቆጣል፤
ጌጥ የሚባል አያውቅም፣ ሥራውን ግን ያውቃል።
“ሥዕል ለሕፃን ነው” ስል ነበር በኩራቴ፤
ማውስ የሚገፋ ሰው አይገባም ከቤቴ።

አንድ ጉድለት አለው፦ ያገር ፊደል ሲመጣ
ለእያንዳንዱ ሆሄ ባዶ ሣጥን የሚያወጣ።
ከፋይሎቹ ግርጌ አንዲት ፎልደር አለች፣ አምስት ሣጥን ስሟ፣
የተማም አባዝናብ ናት፣ የቀድሞው ሠራተኛ፤ ማን ያውቃል ቅመሟን?
አልነካኋትም።

ማክሰኞ ነጂባ ከሒሳብ ክፍል ወረደች፤
የረጠበ ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች።
“አንተ ዕረፍት ስትወጣ እኔ ማንን ልጠይቅ?
ይህን የጨለማ ድግምት ከየት አምጥቼ ልወቅ?
በዓይኔ የማየው፣ በጣቴ የምነካው ነገር ስጠኝ፤
መስኮት ክፈትልኝ!” አለች።
መስኮት? እዚህ ቤት? ሳቅ አነቀኝ።
አልሳቅሁም ግን፤ ሒሳብ የሚዘጋበት ነው ወሩ፤
“ይደረግላት” ይላል የአለቃው ፊርማና ግርግሩ።

ማታ ቀረሁ።
ዴስክቶፑን ጫን ብለው “አራት መቶ ጥቅል ነው” አለኝ፤
“ልቀጥል ወይስ ልተው?”
ስለ ዕድሜዬ የሚጠይቀኝ መሰለኝ።
ከአጂፕ ሄርማታ በጭቃ የሚድኸው ባጃጅ ይሻለዋል፤
አሥር በመቶ ይልና ቆሞ ያሰላስላል።
ሁለቴ መብራት ጠፋ፤ ሁለቴ ባትሪው ጮኸብኝ፤
ሚሞሪው፣ “ይህን ሁሉ ጌጥ የት ላኑረው?” ብሎ አማረረብኝ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አጥፍቼ አስነሣሁት።
ጥቁር።
ቆየ።
አሁንም ጥቁር።
ከዚያ ሰማያዊ፣
ከመሀሉም አንዲት ትንሽ ነጭ ቀስት፣
የት ልሂድ የምትል፣ እንግዳ።

ለነጂባ ብዬ የአማርኛውን ፊደል ጨመርኩ፤
ፋይሎቹን ከፈትኩና ወደ ግርጌው ወረድኩ።
ሣጥኖቹ አልነበሩም። በቦታቸው፦
ለሚተካኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ከደጄ ቆሞ የጠራኝ ሰው!
ሁለቴ ጠቅ አደረግሁ፤ አዎ፣ እኔ፣ በማውስ።
አንዲት ገጽ ናት፦

“ማራገቢያው ሲያጉረመርም ቀኝ ጎኑን ዳብስ፤
እንዳትመታው አደራ፣ ቶሎ ነው የሚያለቅስ።
የቦሳ ሠፈር ሒሳብ ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው፤
የታችኛውን እመን፣ የላይኛውን እለፈው።
ዝናብ እንደሆነ እዚህ ሰዓት ብሎ ነገር አያውቅ፤
ዣንጥላ ከሰርቨሩ ጀርባ አለ። ያንተ ነው፤ አትሳቀቅ።”

አጎነበስኩ። ከኬብሉ ጫካ፣ ከሸረሪት ድር መሀል
ተጋድሟል። ጥቁር። እጀታው እንጨት፤ አንድ ዘንጉ ተሰብሯል።
ስምንት ክረምት በስብሼ ተሻገርኩ ከአዌቱ ማዶ፣
ካልሲዬ ውሃ እየተፋ፣ እግሬ እንደ በረዶ፤
እሱ ከጉልበቴ አጠገብ፣ ክንዱን አጥፎ፣ ደርቆ።

ሲነጋ ነጂባ መጣች፤ ተቀመጠች፤ ቀስቷን ያዘች፤
“ሰማያዊው ይደብራል” ብላ፣ የቦዬን ጉማሬ ለጠፈች።
እኔም ከጉማሬው ጆሮ ሥር፣ ማንም ሳያየኝ፣
አንዲት ጥቁር መስኮት ከፈትኩ፣ ልማድ ነውና የማይለቀኝ።

ከዚያ አጋሮ ደወልኩ። ተማም ንብ አናቢ ሆኗል፤
ስልኩን ሲያነሣ ከጀርባው ቀፎው ይሰማል።
“ዣንጥላውን አገኘሁት” አልኩት።
ዝም አለ። ንቦቹ አወሩ።
“ምነው” አለ፣
“ጅማ ገና ትናንት ነው እንዴ የዘነበው?”