ጠብታ፣ አንድ

ሰኞና ሐሙስ፤ ድሮ በፈቃዴ የምጾምባቸው፣
አሁን ለመርፌና ለማሽን ነው ያከራየኋቸው።
ቢሺሼ ገበያ ሃያ ዓመት ሙዝና አቮካዶ ስመዝን ኖሬ
ተራው ደረሰና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ ዕቃው እኔ ሆኜ ዛሬ።

«ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምረሃል» አለች ሲስተር ወይንእሸት።
«ምን ጠጣህ?»
«ምንም።»
«ምንም እኮ ሁለት ኪሎ ተኩል አይመዝንም፣ ጋሼ!»
«እንግዲያው ዝናቡ ነው፣ በቆዳዬ ሰርጎ።»
ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ጻፈችው።

የጅማ ነገር እንዲህ ነው፦ ሰማዩ መች ይነፍጋል፤
ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ያጨበጭባል፣
አዌቱ ጠግቦ ዳርቻውን ይገፋል፣
የሒርማታ ቦይ ይጠጣል፣ ጭቃው ይጠጣል፣
የጎረቤት ዳክዬ እንኳ አንገቷን ደፍታ ትጠጣለች፤
የእኔ ቀን ግን በሦስት ብርጭቆ ታልቃለች።
የመድኃኒት መዋጫውም ከዚያችው ይቀነሳል።

ረውዳ ደብተር ይዛለች፣ የልጃችንን የሒሳብ ደብተር፦
«ጠዋት ሻይ፣ ግማሽ። ቀትር ውሃ፣ ሩብ።
ሾርባም ውሃ ነው፤ ይቆጠር።»
ጨውን ሰው «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ» ይለዋል፤
እኛ ቤት ተፈርዶበት፣ ድንጋይ ሆኖ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል።

ድንቹን ልጣ፣ ከትፋ፣ ትቀቅለዋለች፤
ውሃውን ደፍታ፣ በአዲስ ውሃ ደግማ ትጥደዋለች።
«ፖታሲየሙ ይውጣለት» ትላለች፤
ስሙን ከሐኪሙ ተቀብላ፣ እንደ ክፉ ጎረቤት ስም ትጠራዋለች።
እኔ ድንቹን አየዋለሁ፣ ድንቹም ያየኛል።
እኔንስ ቢሆን? ያፈሉኛል፣ ያጠሉኛል፣
ክፉውን ደፍተው እስከ ሐሙስ ይመልሱኛል።
ጣዕሙ ከውሃው ጋር ሄዷል።
ድንችነቱ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቀርቷል።

ሰው ደግ ነው፤ የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው።
አባ ሜጫ ከማና መጣ፣ እርጎ በቅል፣ ሙዝ በዘለላ፣
«ገርጥተሃል እኮ! ብላ እንጂ፣ ብላ!»
እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምከው ፍቅር
ሌሊት ልቤን ሊያቆማት ይችላል ብዬ?
ዘለላውን ተቀብዬ አሸተትኩ።
አሸተትኩና ለልጁ ሰጠሁ።
ማሽተት ደብተር ላይ እንደማይጻፍ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ።

በግራዬ ይተኛ የነበረው ሹፌሩ ነጂብ ግን በላ።
«ለዒድ ነው፣ አንድ ቀን ነው» ብሎ በላ።
ሰኞ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤
ወጣት፣ ጫማውን የት እንደሚያስቀምጥ ያላወቀ።
ስለ ሙዝ ማንም አላነሳም።
ወይንእሸት የእንቁላል ነጩን እያደለች፣
እያንዳንዳችን እስክንውጥ ድረስ ቆማ ጠበቀች።

ዛሬ አራት ሰዓት ሙሉ ታጥቤ ወጣሁ፣
እንደ ባዶ ጆንያ ቀልዬ፤
በሩ ላይ ዝናብ።
ረውዳ ካልከፈት ካለ ጃንጥላ ጋር ስትታገል
አንገቴን ቀና አድርጌ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አፌን ከፈትኩ።
አንዲት መጣች። ምላሴ ላይ።
ቀዝቃዛ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የምትል።

ዞር ስትል አየችኝ።
ምንም አላለችም።
ባጃጁ ውስጥ ደብተሩን ከጉያዋ አወጣች፣
እርሳሱን በምላሷ አረጠበች፣
«ጠብታ፣ አንድ» ብላ ጻፈች።