ስም ማዛወሪያ

ሊብሬው ላይ ያለው ስም በዳዳ ሆርዶፋ፣
እሱ የለበትም በዛሬው ወረፋ።
ዓመት ከመንፈቁ አፈር ከለበሰ፣
መኪናው ግን በስሙ ቦሎው እየታደሰ።

እትዬ ዘርፌ ፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣
የወራሽነት ወረቀት በፌስታል፣ ፌስታሉ በብብታቸው፤
ሰማያዊ ላዳ፣ ጣሪያዋ የነጣ፣
የግራ በሯ በገመድ ተስቦ የሚመጣ፣
ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስከ አቃቂ ገበያ
ሽንኩርት፣ ነፍሰ ጡር፣ አንዳንዴም አስከሬን ያመላለሰች።
በመቶ ሰማንያ ሺህ ገዛኋት፤
ግማሹ እቁብ፣ ሩቡ ብድር፣
የቀረው የሚስቴ የአንገት ወርቅ።

ደላላው ሙሰማ ከጆሮዬ ደርሶ፣
«ውሉ ላይ ሰማንያ ይባል» አለኝ ለስልሶ፤
«መቶዋን አታንሳ፣ በእጅ ብቻ ትለፍ፣
ማነው ለገቢዎች ሙሉ እውነት የሚጽፍ?»

እትዬ ዘርፌ ሰሙ። ዞሩ።
«በእሱ ስም? ሰማንያ?
ለተሳፋሪው መልስ አሥር ሳንቲም ሲያጣ
ሱቅ ድረስ ሮጦ ዘርዝሮ የሚመጣ፣
ለመጨረሻ ጊዜ ስሙ ሲጻፍ
ውሸት ላይ ይጻፍ?»
ሙሰማ ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሰማይ ሰማዩን አየ።
እኔ በልቤ ከሙሰማ ጋር ነበርኩ፣
እውነቱን ለመናገር።

አራተኛው መስኮት።
ልጅቷ ቀና ሳትል ጠየቀች፦
ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር።
ኮምፒውተሩ አሰበ።
መብራት ሄደ። መጣ።
ኮምፒውተሩ እንደገና ከሀ ጀምሮ አሰበ።

«ውላችሁ መቶ ሰማንያ ይላል፤
የእኛ ግምት ሁለት መቶ ሰባ ነው።
ቀረጡ የሚሰላው በእኛ ነው።»

«ምኗን አይታችሁ? ውጪና እያት!
ያውና፣ ከዋንዛው ሥር ቆማለች።
ወለሏን ግለጪው፣ አስፋልቱ ይታይሻል፤
ዝናብ ውጪ ሲጥል ውስጧ ያካፋል፤
ሦስተኛ ማርሿ ካልለመኑት አይገባም፤
ዘጠናውን ሺህ የት አገኛችሁት?»

«ሲስተሙ ነው» አለች።
ሲስተሙ፦
እጅ የማይነሱት፣
አማላጅ የማይልኩበት ዳኛ።

እትዬ ዘርፌ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።
«ስንት አልሽ ልጄ?»
«ሁለት መቶ ሰባ።»
«እስቲ ድገሚልኝ።»
ደገመችላቸው።
አሁን «ጎደለብኝ» ብለው ሊያለቅሱ ነው ስል፣
ነጠላቸውን አጣፉና ወደኔ ዞሩ፦

«ሰማህ? ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነበር የሚላት።
ወንድሜ እንኳ፣ "በኪሎ ለብረት ገዢ ስጫት"
ብሎኛል፣ ገና አርባው ሳይወጣ።
እሁድ ሳይነጋ ተነስቶ በባልዲ ሲያጥባት
"ምነው እኔንም እንዲህ ብታሽ" እል ነበር።
መንግሥት ግን ዋጋዋን አወቀ።»

ከፈልኩ።
በሌለው ዘጠና ሺህ ላይ የከፈልኩት
ለበዳዳ እሁዶች ነው፣ ለባልዲው ውሃ ነው፣
ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ።
አልሆነልኝም። ብር ብር ነው።

ልጅቷ በማስመሪያ ለክታ
አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመረች፤
ከመስመሩ ሥር እኔ ተጻፍኩ።
እትዬ ዘርፌ ቀለሙ እስኪደርቅ
እፍ እፍ አሉበት።

በገመዱ ሳላስተምራቸው በሩን ስበው
ከኋላ ተቀመጡ፣ ሁሌም እዚያ ነበሩ መሰለኝ።
ከቃሊቲ ወጥተን ዳገቱ ሲጀምር
ማርሹ እምቢ አለኝ።
አንዴ። ሁለቴ።
ከኋላችን ሲኖትራክ እየጮኸብን ነው።

«"በሞቴ" በለው እንጂ» አሉኝ፣
«እሱ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

በሞቴ፣ አልኩት።
ገባ።