ግማሽ ምት ዘግይቶ

ሰው ሲወድቅ «ድም!» ማለት፣ በጥፊ ሲመታ «ጧ!» ማለት ነው ሥራዬ፤
ከመድረኩ በታች፣ ከጉድጓዱ ጨለማ፣ ከበሮዬን ታቅፌ ቁጭ ብዬ።
በስክራንተን ከተማ፣ በቤልሞር ቲያትር፣
ቅዳሜ ሲመሽ ከሰል ቆፋሪው ይጎርፋል፣
ሳሉን ከሳቁ ጋር ሲያነባብር።

«ስድስቱ ግሪምስቢዎች» ይል ነበር ማስታወቂያው፣ በቀይ ቀለም ደምቆ፤
አንዳቸውም ግሪምስቢ አልነበሩም፤
ስሙን ያገኙት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው፣ መንገድ ዳር ወድቆ።
እናንተ የምታውቁት ሦስቱን ነው፤ እልፍ ሰው የሚስቅላቸውን።
እኔ ደግሞ የቀሩትን አውቃለሁ፤
ከነኮቴያቸው፣ ከነክብደታቸው፣ ሳንቃው ሲቀበላቸው የሚሰጠውን ድምፃቸውን።

ኦሪን ሃስኬት ነበር ከሁሉ አስቀድሞ የመጣው ወዳቂ፤
ግራ ጉልበቱን የሰበረው የከሰል ፉርጎ ነው፤
መውደቅን ያስተማረው ፉርጎ እንጂ አልነበረም አዋቂ።
ቀኝ እግሩ ቀድሞ ይከዳዋል፤ ግራው ግን እንቢ ይላል፣ አይታጠፍ፤
አንዳች ነገር እንደረሳ ሰው አየር ላይ ይቆማል፣
ግማሽ ምት ያህል፤ ከዚያ ነው የሚነጠፍ።
እኔም ያችን ግማሽ ምት ጠብቄ እመታለሁ፤
ሕዝቡ «አቤት ጥበብ!» ይላል፤
እኔ ጥርሱን ሲነክስ ከታች አያለሁ።

ደልሲ ፕራውል የጥፊ ሴት ነበረች፤
በቀን ሦስት ትርዒት፣ በትርዒት አሥራ አንድ ጥፊ ትቀበላለች።
ዱቄት ትነሰንሳለች ጉንጯ ላይ፣ ሲመቷት እንዲቦን፤
ከመጋረጃው ጀርባ በረዶ በባልዲ ይጠብቃታል፣ ፊቷን እንድትደፍንበት ሲመሽ ቀን።
አንድ ሐሙስ ባለ ቲያትሩ ኦግልቪ፣
ሲጋራውን እያኘከ፣ ከጓሮው በር ቆሞ፣
«ጥፊ» አላት።
ልማድ ሆኖባት ጉንጯን ሰጠችው፣
ዐይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ እጁ አልተነሣም።
ያኔ ነው ቃሉ የገባት። ባርኔጣዋን አነሣች።
ማንም አልሳቀም፤ የእኔም ዱላ አልተነሣም።

የኤመሪክ ቶልን ፊት ግን ያየ የለም፤ የፈረሱ ኋላ ነው፤
አራት ዓመት ሙሉ፣ በጨርቅ ቆዳ ውስጥ አጎንብሶ፣
የፊተኛውን ቀበቶ ይዞ፣ ጭራ ማወዛወዝ ነበር ዕጣው።
ሲጨበጨብ የፊተኛው የፈረሱን ራስ አውልቆ እጅ ይነሣል፤
ኤመሪክ በሌላ ሰው ላብ ሽታ መሀል፣
ጭብጨባውን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰማል።
መሄዱንም ያኔ ማንም አላወቀ፤
ፈረሱ መድረክ ሲወጣ ነው ኋላው ባዶ መሆኑ የታወቀ።
እንደዚያች ማታ በቤልሞር ተስቆ አያውቅም።

ኦሪንን፣ አሉ፣ አልቱና ጣቢያ ላይ ነው የተዉት፤
ጉልበቱ አብጦ የባቡሩ ደረጃ አልወጣልህ ሲለው
«በሚቀጥለው ድረስብን» ብለው ከመስኮት ጮኹለት።
የሚቀጥለው ባቡር የሚሄደው ግን ሌላ አገር ነው።

«ስድስቱ» ላይ «ሦስቱ» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት፤
ኦግልቪ ሙጫ ሲገዛ ቆጥቦ ኖሮ፣
ዝናብ በመጣ ቁጥር «ስድስቱ» ብቅ ይልበት።

አሁንም ያው ጉድጓድ፣ ያው ከበሮ፤
ከላይ ግን ሳንቃ የለም፤ ነጭ አቡጀዴ ነው ተወጥሮ።
ሦስቱ ግሪምስቢዎች ያለ ድምፅ ይሯሯጣሉ፤
ቤት ገዝተዋል፣ መኪና ገዝተዋል ይባላሉ።
ትልቁ የሙዝ ልጣጭ ይረግጣል፤
ቀኝ እግሩ ይከዳዋል፣
ግራው፣ ያ ጤነኛ ጉልበቱ፣ አየር ላይ ቀጥ ይላል።
ከማን እንደወረሰው ረስቶታል፤ ቢጠይቁትም «የራሴ ነው» ይላል።

ፒያኖ መቺዋ ሌቲ ክሮፍት በክርኗ ትጎስመኛለች፤
አዲስ ናት፤ ከኖታዋ ሌላ ምን ታውቃለች።
«ሰውዬው ወድቆ ተነሣ እኮ! ምን ነካህ? ምቱን አሳለፍከው!»
አላሳለፍኩም፣ ሌቲ።
ኦሪን ገና አየር ላይ ነው።