ሻሽ የሚቀልብ ልጅ

ሆጤ ሜዳ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣
ጦሳ አናት የለውም፣ ጉም ውጦታል በሌሊት።
ፊሽካዬ ዝጓል፤ ስነፋው ያስለዋል፣
ከአሥራ ሁለቱ ልጆች አሥራ አንዱ ይሮጣል፣
አንዱ ቆሟል።

ሙሄ ነው፤ ገና ሰባት ዓመቱ።
ኳስ ስትመጣ ዓይኑ ይከደናል፣
ክንዱ እንደ ደነዘ መቀስ ዘግይቶ ይገጥማል፤
አገጩን መትታው ስታልፍ ኳሲቱ
አየር አቅፎ ይቀራል ደረቱ።

“ፈሪ!” ይሉታል።
ፈሪ አይደለም ልጁ።
ገና አልተዋወቁም ዓይኑና እጁ፤
አንድ ግቢ ተከራይተው፣ በአንድ በር እየወጡ
ሰላም ሳይባባሉ ዓመታት የተቀመጡ።

ኳሷን ወደ ጆንያው መለስኩ፣
ከአጥሩ ሥር እናቱን ሻሿን ለመንኩ።
ዘሀራ ናት፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣
ዓይኗ ከልጇ ላይ የማይቆረጥ።
“አደራ መምህር፣ የዒዴ ነው፣
ጭቃ እንዳይነካው።”

ወረወርኩት ወደ ሰማይ።
ሻሽ እንደ ኳስ አይደለም፣ አይቸኩልም ከላይ፤
ይንሳፈፋል፣ ይዘነብላል፣ ይታጠፋል፣
“ጊዜ አለን” ይላል።
“አየኸው?” “አየሁት።”
“አብሽር፣ አትሩጥበት።
ይምጣልህ።”
መጣለት።
ቀለበው፤ ጢንዚዛ እንደያዘ ሰው
ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየው።

ከዚያ ፊኛ። ከዚያ የካልሲ ኳስ፣
በሲባጎ የታሰረ፣ ግማሹ እርጥብ።

እኔም እዚሁ ሜዳ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ቆሜ ነበር ከኳስ ፊት፣ እያየኝ አባቴ።
የኮምቦልቻ ልጆች በሁለት አይሱዙ መጥተው፣
አንድ ለአንድ ነን፣ ደቂቃው አልቋል፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ የእኛ ነው።
ሺህ ጊዜ መትቼዋለሁ ከቧንቧ ውሃ ግንብ ጋራ፣
እግሬ ያውቀው ነበር እኔን ሳይጠራ።
ያን ቀን ግን ጠየቅኩት፦ “ስንት እርምጃ? በየት በኩል?
ቁርጭምጭሚትህስ ምን ያህል ይዘንበል?”
ተጠይቆ የማያውቅ እግር ምን ይመልሳል?
ተንተባተበ።
“ኳሷን አዝዋ ገደል ጥሏታል”
ይላሉ እስካሁን ሲቀልዱ።
ጃንጥላ ዘርግቶ አባቴ ጠፋ በመንገዱ።
ዝናብ አልነበረም።

ሃያ ሁለት ዓመት ፍርሃቴን ስቀልብ ኖርኩ፣
አንድ ቀን ጾም ሳላሳድረው አወፈርኩ።

በሰባተኛው ቅዳሜ ሙሄ ሸንኮራ እያላመጠ
ጀርባውን ሰጥቶን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
አንዱ የለጋት እውነተኛ ኳስ ጉሙን ቀድዳ ወጣች፣
ዞር አለ። በአንድ እጁ። ደረቱ ላይ ቀረች።
ሸንኮራው ከአፉ አልወደቀም፤
መልሶ ወረወራት፣ ምን እንዳደረገ አላወቀም።
“እንዴት ቀለብካት?” ልለው፣ ከንፈሬ ላይ ደርሶ፣
ዋጥኩት፤ ይቅር ሆዴ ውስጥ ተመልሶ።

ሻሹን አጥቤ፣ ተኩሼ ወሰድኩላት።
“የዒድሽ መጣ” አልኳት።
ሻሹን አየችው። እኔን አየችኝ።
“ይሁን፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣
ሌላ ልጅ አይታጣም፣ ኳስ ሲያይ የሚደነግጥ።”

ሲመሽ ሜዳው ባዶ ነው፤ ጉሙ እስከ አግዳሚው ወርዷል፣
ነጩ ነጥብ ላይ ቆምኩ፤ ኖራው ታጥቦ ደብዝዟል።
ወደ ላይ ወረወርኩት።