የውሃ ልክ

ሰንጋ ተራ፣ አዲሱ ፎቅ፣ አራተኛው ደርብ ላይ፣
ተቆጣጣሪው መጣ፣ ቆመ ቧንቧዬን ሊያይ።
በእስክሪብቶው ጫፍ መታው፣ ኳ ኳ አለ ፒቪሲው፤
«ስህተት ነው» አለ በአጭሩ፣ አላብራራም ሰውዬው።

«ትክክሉስ የቱ ነው?»
«ደንቡ ላይ ተጽፏል።»
«ደንቡስ የት ይገኛል?»
«ይሸጣል።»

ቅጣቱን ጽፎ ሰጠኝ፣ ቢጫዋን ወረቀት፣
ከጀርባዋ ካርቦን፣ ከግርጌዋ ማህተም ያላት።
ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ስማኝ፣
አንተ ሰው፣ ልክህን እወቅ!» ቃሉ ቆጠቆጠኝ።

ልኬን?
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከልክ ጋር የኖርሁ፣
ቱንቢ ጥዬ፣ ውሃ ልክ አስተኝቼ የለካሁ፣
ከጋሽ አርጋው መዳፍ ላይ የቀሰምሁ ሙያዬን፣
ፍሳሽ በስንት ጣት ዘቅ እንዲል፣ የት እንዲታጠፍ ሳይፎን፣
እኔ ልኬን አላውቅም? ወይስ ልኬ ዋጋ ወጥቶለት
ሳልሰማ ገበያ ወጥቷል፣ እኔው ገዝቼ ላውቅበት?

በማግስቱ ሙስባህን፣ ረዳቴን አስከትዬ፣
ከሠራተኛ ሰፈር ወረድሁ፣ የሥራ ቱታዬን ጥዬ።
ቸርችል ጎዳናን ተሻግሬ፣ ከመስኮት መስኮት ተመርቼ፣
ስምንት ቁጥር ላይ ቆምሁ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ ተሰላችቼ።

ወይዘሮ የሺመቤት አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣
«የግንባታው? የቧንቧው? ለየብቻ ነው ዋጋው።»
የቧንቧው ብቻ ሲሰላ፣ ከነቫቱ ከነደረሰኝ፣
የሁለት ሽንት ቤት ሳህን ዋጋ ሆነብኝ።
«ቆሜ ላንብበው?» አልሁ። «አይቻልም፣ ናሙና ነው።»
«ፎቶ ላንሳው?» አለ ሙስባህ። «እሱማ ጭራሽ ነውር ነው።»
ደንቡ ከመስታወት ሣጥን፣ ቁልፉ ከእሳቸው አንገት፣
ሰማያዊ ጥራዝ፣ እጅ ያልነካው፣ ጡብ የሚያህል ውፍረት።

ሕግን አላውቅም ማለት
አያድንም ከቅጣት።
እሺ፣ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ማወቂያው በብር ከሆነ፣
የተቀጣሁት ስላጠፋሁ ነው፣ ወይስ ኪሴ ስለመነመነ?

ይሄን ልናገር ስል… ጠብ!
ከኮርኒሱ ላይ፣ ቀይ ባልዲ ውስጥ፣ ጠብ።
«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉ ወይዘሮ ቀስ ብለው፣
«ለጥገና ጻፍን፣ ጻፍን፤ መልሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»
ቀና ብዬ አየሁ። ያለ ልክ ታጥፎ ተሰንጥቋል፤
በዚያ ቢሮ ካለው ሁሉ ቧንቧው ብቻ ያነባል።

መሰላል ጠየቅሁ። ወጣሁ። ሙስባህ መጋዙን አቀበለኝ፤
ክርኑን ቆርጬ ስጥለው፣ ጥቁር ውሃ እስከ ብብቴ አጠበኝ።
«ስንት ልክፈልህ?» አሉኝ፣ ወደ ቦርሳቸው ሲመለሱ።
«አንድ ገጽ» አልሁ። ቆዩ። የአንገታቸውን ቁልፍ ዳሰሱ።

ምሳ ሰዓት ነበር፣ ኮሪደሩ ጭር ያለ።
ሙስባህ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጥር በቁጥር ሣለ።
እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጣቴን ዘርግቼ ሳስተያይ፣ ሳነጻጽር፣
የጋሽ አርጋው ልክ ልክ ነበር፣ ከአንዲት ነገር በቀር፤
የአየር መውጫው፣ እውነት ነው፣ ግማሽ ኢንች ይጎድለው ነበር።
በዚያች ግማሽ ኢንች ጉድለት ስንት ቤት ይሸት ይሆን?
የሠራሁትስ እኔ ነኝ፤ ማነው የቆለፈው ልኩን?

አሁን ከሱቄ ግድግዳ ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ በሰፊው፣
ያ ሰንጠረዥ ተጽፏል፤ ያየዋል አላፊ አግዳሚው።
ከእሪ በከንቱ የተነሡ ልጆች ሳይቀሩ ይመጣሉ፣
አንዱ በስልኩ ያነሣዋል፣ ሌሎች ክንዳቸው ላይ ይጽፋሉ።

ትናንት ደግሞ ያው ተቆጣጣሪ፣ ያ ባለ እስክሪብቶው፣
ከሁለት ልጆች ኋላ ቆመ፣ ካፊያው እያረጠበው።
ግድግዳውን አነበበ፣ ከላይ ታች፣ ደግሞ ከላይ፤
ሌላ ቅጣት ሊጽፍ ነው ብዬ ደነገጥሁ፣ ደብተሩን ሳይ።
«ለኛም አልተገዛልንም» አለ፣ ዓይኔን ሸሽቶ፣ እንደ ባለ ዕዳ፤
ጀሪካን ይዞ እንደመጣ ሰው፣ ተራውን ጠብቆ ቀዳ።