ተይዞ ያልተያዘ

በአንጎሼ ወደብ፣ ከጉምሩኩ ጀርባ፣
ጣሪያው ጨው የበላው፣ ዝናብ የሚያስገባ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ሆኜ ስከትብ
ትልልቁን ጀልባ በኪሎ ጽፌያለሁ፣
ለበረዶ ቤቱም ደረሰኝ ቆርጫለሁ፤
በእግር ለሚለቀም ለተተወው ዓምድ ግን
ዜሮ እጽፍ ነበር፤ ማንስ ሊጠይቀን።
ክብ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ እጅን አታደክምም፤
ከዜሮ በስተኋላ ሰው አለ አይባልም።

ታዲያ አንድ ማለዳ፣
ባሕሩ ሲሸሽ፣ አሸዋው ሲቀር እንደ ሜዳ፣
አየኋቸው።
(ልጠይቅ ወጥቼ አይደለም፤ የሞተር ሳይክሌ ጎማ ተንፍሶ ነው።)
አርባ፣ ስልሳ ሴቶች፣ እስከ ጉልበታቸው በውሃ ተውጠው፣
የብረት ዘንግ ይዘው፣ ካፑላናቸውን ሸብ አድርገው፣
ከድንጋዩ ስንጥቅ ኦክቶፐስ ሲጎትቱ፣
ከባሕር ሣር መሃል ዛጎል ሲፈትቱ።

አቲጃ የምትባል፣ ፊቷ በሙሲሮ የነጣ፣
«ምን ፈልገህ?» አለችኝ፤ «ቀረጥ ነው የመጣ?»
«አይደለም» አልኳት። «እንግዲያ ምን ያደርግልሃል
ባልዲዬን መቁጠርህ? ቁጥር መች ይበላል?»
መልስ አልነበረኝም። ጫማዬን አውልቄ
ገባሁ ከውሃው ውስጥ፣ ሀፍረቴን ደብቄ።

ዓሣው ተይዟል፤ ግን አልተያዘም።

በዘንግ ተይዟል፣ በእጅ፣ በመረብ፣ በወጥመድ፤
በወረቀት ሳይያዝ ገብቷል ወደ ሆድ።
ሁለት ጊዜ ካልተያዘ
ማን ያውቃል ባሕሩ ስንት እንደተገዘገዘ?

የተበላ ዓሣ ሚዛን ላይ አይወጣም፤
የትናንቱ ማዕበል ተመልሶ አይመጣም።
ስለዚህ ዱካውን ያዝኩ።
ጨው ነጋዴው ሙሳጂ የዱቤ ደብተሩን ገለጠ፣
በዓመት ስንት ጆንያ ለዓሣ ማድረቂያ እንደሸጠ።
ከየጓሮው የተከመረውን የዛጎል ጉብታ
ቁመቱን በገመድ፣ ዙሪያውን በርምጃ ለካሁት ከማታ።
ጨረቃን ቆጠርኩ፤ ውሃው እጅግ የሚሸሽባቸው ቀናት ስንት ናቸው?
ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የማዕበሉ ቀን ተቀንሶላቸው።

ሌሊት መብራት አጥፍተው የሚያልፉትን ግን፣
ብረት ለበሶቹን፣ ከአድማስ ወዲያ የሚጠርጉትን፣
በምን ልገምታቸው? ሙዋናሻ፣ የአጥማጅ ሚስት፣
«ድምፃቸውን ትራሴ ያውቀዋል» አለች፤ «በሳምንት ሦስት።»
ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ምንጭ፦ የሙዋናሻ ትራስ።
አለቃዬ ሳቀብኝ፣ እስክርቢቶው እስኪወድቅ ድረስ።

ሳቁ ቆመ፣ ዜሮዎቹ ሲሞሉ፣ መስመሩ ሲለወጥ።
በአሮጌው መዝገብ ላይ የተዘረጋ ቀጥ፣
«ባሕሩ ደኅና ነው» ያሰኘን መስመር
ለካ ሲወርድ ኖሯል፣ እንደ እርጅና፣ ሳይናገር።

ለአቲጃ ነገርኳት፤ ፊቷ አልተለወጠም።
ባልዲዋን አስቀምጣ ወደ ጥልቁ አየች፣ ወደኔ አልዞረችም።
«እናቴ ሳለች፣ ኦሱፎ፣ ቅርጫት በአንድ ሽሽት ይሞላል፤
ዛሬ ሦስት ሽሽት ጠብቄም ይጎድላል።
ይህንን ወገቤ ቀድሞ አውቆት ኖሯል፤
ወረቀትህ እንኳን ዛሬ ደርሶበታል።»

ኮሚቴው በኅዳር ተሰበሰበ። የድንጋዩ ሜዳ
ለሦስት ወር ይዘጋ? በዚያ ሁሉ ቀን የማን ነው የምሳው ዕዳ?
መርከቦቹስ? ሦስት ማታ ሙሉ ተከራከረ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወንበር ተጨመረ፣
አቲጃ ልትቀመጥ። እግሩ ይነቃነቃል፤
ከሥሩ ዛጎል ተወትፎበታል።
ውሳኔው ገና ነው።

እኔ ቢሮዬ ነኝ። ዓምዱ አሁን ቁጥር አለው፣
«ከዚህ እስከዚያ» የሚል፤ ይሳሳታል፤ ነገ ሌላ ሰው ያርመው።
ባዶ ሳጥን ሳገኝ ግን «አላውቅም» እለዋለሁ፤
ውሃው ሲሸሽ፣ በሩቁ፣ ባልዲ ሲንኳኳ እሰማለሁ።